አስካለማርያም ወልደአማኑኤል፦ ከአዲስ አበባ መድረክ እስከ ዋይንድሃም ቬል

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው አርቲስት አስካለማርያም ወልደአማኑኤል በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ወልደአማኑኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ ደስታ በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ በመዛወሩ ትምህርታቸውን በዚያው የተከታተሉ ሲሆን፣ ልብስ ሊለኩ የመጡ ደንበኞች ገና ከበር ሳይርቁ አረማመዳቸውንና አነጋገራቸውን እየቀዱ ቤቱን በሳቅ ያፈርሱት እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው አቶ ወንድሙ እስከ ዛሬ ያወሳሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በ1966 ዓ.ም. በአንድ ቲያትር ቤት ተፈትነው ተቀጠሩ። አባታቸው ተቆጥተው ሁለት ወር ሙሉ ባያነጋግሯቸውም፣ እናታቸው ግን የልጃቸውን ሥራ በዓይናቸው ለማየት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አስካለማርያም በዚያ ቲያትር ባሏ የሚበድላት ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበርና፣ ባል ሆኖ የሚጫወተው ወጣት እጁን ሲያነሣ ወይዘሮ ወርቅውሃ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አንተ! ልጄን ልቀቃት! አባት የሌላት መሰለህ?» ሲሉ ጮኹበት። ተዋናይዋም ከገጸ ባሕርያቸው ሳይወጡ ወደ እናታቸው ዘወር ብለው «እማዬ ተቀመጪ፤ ዛሬስ እኔው እመልስለታለሁ» አሉ፤ ተመልካቹ ሁሉ የቲያትሩ ክፍል መስሎት አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ደራሲውም አባባሉን ስለወደዱት ከዚያ ቀን ጀምሮ በጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ያ ወጣት አቶ ሓድሽ ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. ሽማግሌ ሲልኩ ወይዘሮ ወርቅውሃ «ያ ደብዳቢ ነው ልጄን የሚያገባት?» ብለው አሻፈረኝ በማለታቸው፣ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ መመላለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ጋሼ ሓድሽ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በዘለቀው ትዳራቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ እጅግ ለስላሳ ሰው ነበሩ።

አርቲስት አስካለማርያም ከሠላሳ በሚበልጡ የመድረክ ሥራዎችና በበርካታ የሬዲዮ ድራማዎች የተጫወቱ ሲሆን፣ ያለ ማይክራፎን እስከ መጨረሻው ረድፍ የሚደርሰው ድምፃቸው ዛሬም በዘመኑ ተመልካቾች ጆሮ ውስጥ አለ። በ1982 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ከኤደን ጋር በሱዳን በኩል ተሰድደው፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ከቆዩ በኋላ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ገቡ፤ መኖሪያቸውንም ኬንሲንግተን በሚባል ሠፈር በሚገኝ ፎቅ ላይ አደረጉ። ጋሼ ሓድሽ ፋብሪካ፣ እርሳቸው ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ላውንደሪ፣ ማለትም የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀጠሩ፤ መድረክ የሚባል ነገርም ከሕይወታቸው ራቀ። አንድ ቀን ኤደን የትምህርት ቤት ፎርም ስትሞላ የእናት ሥራ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ምን ብላ እንደምትጽፍ ብትጠይቃቸው፣ «ላውንደሪ ብለሽ ጻፊ» አሏት። እርሷም ጻፈች።

ባለቤታቸውን በ2003 ዓ.ም. በሞት ካጡ ከዓመታት በኋላ፣ እዚያው ሜልበርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ ሠፈር ያደገችው ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ላሊሴ ዝናቸውን ከሽማግሌዎች ሰምታ በፊልሟ ልታጫውታቸው ቤታቸው ድረስ መጣች። በ2015 ዓ.ም. በከተማዋ ዳርቻ ባለው በዋይንድሃም ቬል ውስጥ በተከራየችው አዲስ ቤት ቀረጻ ሲጀመር፣ እንደ ለመዱት ድምፃቸውን ለቀቁት። ላሊሴ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉልኝ፤ ማይኩ እኮ ደረትዎ ላይ ነው» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ኋላ የተቀመጠውም ሰው እኮ ቲኬት ቆርጧል» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ቀረጻው አራት ቀን ሲቀረው የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ሐኪሞችም ፈጥነው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ፣ ድምፃቸውም ሊጠፋ እንደሚችል ነገሯቸው፤ እርሳቸው ግን ቀረጻውን ሳልጨርስ አልታከምም አሉ። ነርስ የሆነችው ኤደን ተቆጥታ ልትወስዳቸው ዋይንድሃም ቬል ደረሰች። እናቷ ግን በዚያ ሰዓት የሞተ ባሏን ሸሚዝ እያጠፈች ሸሚዙን የምታናግር ሴት ሆነው እየተጫወቱ ነበር። ኤደን እናቷ ሲጫወቱ አይታ አታውቅምና በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀረጻው ሲቆም፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስላቸው ልጅ በአማርኛ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ የት ደብቀሽው ኖርሽ?» አለቻቸው። «አልደበቅሁትም፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሏት። ኤደንም እያለቀሰች ሐኪሞቹን አማክራ ቀጠሮውን በአራት ቀን አስገፋች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያ ድምፅ አልተመለሰም። ፊልሙ በ2016 ዓ.ም. ሲታይ በኤደንና በላሊሴ መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ መብራት ሲበራም ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው «ጎበዝ ነበርኩ አይደል?» ብለው ጽፈው አሳዩአቸው።

ሕመሙ ባገረሸ ጊዜ፣ በስደት ሁሉ ያልተለዩአቸውን በእጃቸው የተጻፉ የቲያትር ደብተሮች ታነብላቸው ዘንድ ኤደን ፊደል ቆጠረች። በየቀኑ ከሥራ መልስ አልጋቸው አጠገብ ሆና ስታነብ፣ ስትሳሳት ጣታቸውን ያነሡ ነበር፤ እርሷም ተመልሳ ታነበው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ትዕይንት ከዳር እስከ ዳር ጣታቸው ሳይነሣ አነበበች። አንድም አልተሳሳትኩም ብላ ደስ ብሏት ቀና ስትል፣ እናቷ ዐርፈው ነበር።

አርቲስት አስካለማርያም በሰባ አንድ ዓመታቸው ሲለዩን ልጃቸውን ኤደንን፣ የልጅ ልጃቸውን ነቢዩን፣ ወንድማቸውን አቶ ወንድሙን፣ እንዲሁም የስተርጅና ልጄ ይሏት የነበረችውን ላሊሴን ትተውልናል። ቸሩ እግዚአብሔር የስደት ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።