መዳፌ ላይ የጻፍኳቸው ቃላት

የልጅ ልጄ የሚጥል በሽታዋ በአንጎል ቀዶ ጥገና ከተገታ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። መውደቁ ቀረላት፤ የሰማችው ቃል ግን አይበረክትላትም። ሰኞ ወደ መድኃኒት ቤት ሥራዋ ትመለስ እንደሆነ የሚወስነው ቀደም ብሎ ሆስፒታል የወሰድኳት ዕለት የሚሰጣት የማስታወስ ፈተና ነበር።

መርማሪው አሥራ አምስት ቃላት ሲያነብላት በተገረበበው በር ሰምቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኳቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትጠየቅ በበሩ መስታወት ላሳያት ነው። ኮሪደሩ ውስጥ እጄን ጨብጬ እንደተቀመጥኩ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት አጠገቤ አረፍ አለች።

«እማማ፣ እጅዎን አመመዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ!»

«ታዲያ ቀለሙ በጣትዎ መሃል እየወረደ ነው።»

ላቤ አጋለጠኝ። ጭኗ ላይ የልጅ ልጄን የፈተና ወረቀት አየሁ፤ ለካ ቀጣዩን ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ኖራለች!

«ስትወድቅ ያነሳኋት እኔ ነኝ» አልኳት፤ «ቃል ሲወድቅባት ባነሳላት ምን ነውር አለው?»

«መድኃኒት ቤትስ ማን ያነሳላታል? መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ሊውሉ ነው?»

«ካስፈለገ በርጩማዬን ይዤ እሄዳለሁ!»

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

«እማማ፣ ሐኪም በስልክ የነገራትን መጠን ረስታ ለሕፃን የአዋቂውን ብትሰጥስ?»

ክው አልኩ። የራሴን ልጅ ብቻ ሳስብ፣ ያም ሕፃን እንደኔ የምትንሰፈሰፍ አያት እንዳለችው ዘንግቼ ነበር።

«እና ቤት ልትቀመጥብኝ ነው?»

«ማን አለ? የሰማችውን ወዲያው መጻፍ፣ መልሳ ለነጋሪው ማንበብ እናለማምዳታለን። በዓይኗ ያየችውን ደህና አድርጋ ትይዛለች። ጉድለቱን ካላየነው ግን ምኑን እናለማምዳት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰማሁት ከእናንተ ከታላላቆቹ አይደል?»

ሄጄ እጄን በሳሙና ፈተግኩ።

ፈተናው ሲቀጥል በመስታወቱ አየኋት። አራት ቃል ተናግራ ቆመች። ዞር ብላ ዓይኔን ፈለገች። ከንፈሬን ነክሼ ወደ ወለሉ አቀረቀርኩ።

«ሌላ አላስታውስም» ስትል ሰማሁ።

ሰኞ ሥራ አልገባችም፤ ሁለት ወር ልምምድ ገባች። ዛሬ መድኃኒት ቤት ተመልሳለች። ስልክ ሲመጣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ እየጻፍኩ ነው» ትላለች፤ የጻፈችውንም ታነብላቸዋለች። ባልደረቦቿም ስህተት ሲቀንስ አይተው እንደሷ ማድረግ ጀምረዋል።

እናንተም የታመመ የምታስታምሙ ሁሉ፣ ቃል አፉ ላይ ሲጠፋበት ቀድማችሁ አታቀብሉት። እኔ እንኳ፣ ያቺ ችኩል፣ ቤት ውስጥ የልጅ ልጄ «ቆይ እማዬ፣ አትንገሪኝ» ስትለኝ እየተቁነጠነጥኩ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ራሷ ታገኘዋለች። ካጣችው ትጠይቀኛለች።