ማሽን ሊጠግን የገባ ልብስ ሰፊ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

ምስክር፦ የተጠርጣሪው ባለቤት ታላቅ ወንድም
ዕድሜ፦ 56
የትምህርት ደረጃ፦ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ ስታቲስቲክስ
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጨዋታ ገምጋሚ
አድራሻ፦ ከጎማ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል

የተጠርጣሪው ባለቤት ታናሽ እህቴ ናት። ተጠርጣሪው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ የስፌት መኪናው ሲበላሽበት ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው። እኔ ለአንድ ድረ ገጽ የቁማር ጨዋታዎችን ዴሞ፣ ማለትም ያለ ገንዘብ የሚሞከረውን ነጻ ቅጂ፣ እየተጫወትኩ እገመግማለሁ። በገንዘብ የሚሠራውን ቅጂ እንድገመግም አሠሪዬ አይፈቅድም። በእያንዳንዱ ግምገማ መጨረሻ «ይህ ውጤት ነጻውን ቅጂ ብቻ ይመለከታል» ብዬ እጽፋለሁ፤ አዘጋጁ ቦታ ይፈጃል እያለ ያወጣዋል። ያቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ መልስ አላገኘም።

ለግምገማው ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ስለሚያስፈልግ፣ ተጠርጣሪው ሥራ ሲቀዘቅዝበት እቤቴ እየመጣ ይጫንልኝ ነበር። የፍራፍሬ ሥዕሎች በሚሽከረከሩበት ጨዋታ ዴሞ ላይ አዘውትሮ ያሸንፍ ነበር። «ጋሼ፣ እጄን እየው! ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ሲወጋ ኖሮ ዛሬ ካሰኝ» ይለኛል። ዴሞው ሰው እንዲያሸንፍ ተብሎ የላላ መሆኑን፣ በገንዘብ ሲሆን እንዲህ እንደማይከፍል በግልጽ ነገርኩት። «አንተ ደግሞ የሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ትወዳለህ» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቴ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ከጨዋታ ቤት አልወጣም ብሎኛል፣ ድረስልኝ» ስላለችኝ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ወዳለው ጨዋታ ቤት ሄድኩ። ተጠርጣሪው ያንኑ ጨዋታ በገንዘብ ከሚያጫውተው ማሽን ጀርባ ተንበርክኮ አገኘሁት። የማሽኑ የኋላ ክዳን ወርዷል። ብሎኖቹን እንዳይጠፉ ኮፍያው ውስጥ ሰብስቧቸዋል። በእጁ የስፌት መኪናውን ካቻቢቴ ይዟል። የገንዘብ ሳጥኑ አጠገቡ ነበር፤ ቁልፉ አልተነካም። የቤቱ ተቆጣጣሪ «ሌባ! በጠራራ ፀሐይ!» እያለ ይጮሃል።

ተጠርጣሪው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እንኳን መጣህ። እስቲ ንገረው፤ አንተ ቤት ያለችው ቀጥ ብላ ነው የምትሠራው። ይቺ የሆነ ቦታ ይዟታል። ትንሽ ዘይት ብነካት ትለቃለች» አለኝ። የስፌት መኪና ዘይት በደረት ኪሱ ይዞ ነበር። ተነስ፣ ማሽኑ ውስጥ በዘይት የሚለቅ ነገር የለም አልኩት። «ማሽን ሆኖማ ዘይት የማይወድ የለም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ፖሊስ እስኪደርስም አልተነሳም።

ክዳኑን ሲፈታ አይተሃል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የደረስኩት ከተፈታ በኋላ ነው፣ ካቻቢቴውን ግን በእጁ አይቻለሁ ብያለሁ። መርማሪው ሳጅን ስለ ዴሞው የተናገርኩት ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብለዋል። ሰውን በነጻ ማሸነፍ አስለምደው በገንዘብ የሚበሉት ሰዎች ሳይጠየቁ አንድ ልብስ ሰፊ ሌባ መባሉን ስለምቃወም፣ ቃል በቃል እንዲሰፍር አጥብቄ ጠይቄ ሰፍሯል። እነዚያን የት ልክሰስ ብል «የዚህ ክፍል ሥራ አይደለም» ተብያለሁ። የማን ክፍል ሥራ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ቃሌ ሲነበብልኝ ሳጅኑ «ታዲያ በገንዘብ ሲሆን እንደማይከፍል አስቀድመው ነግረውታል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በግልጽ ነግሬዋለሁ አልኩ። «እንግዲያው ማሽኑ እንዳልተበላሸ እያወቀ ነው የከፈተው» ብለው ጻፉ። ይህ እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። የተሰጠ ቃል አይሰረዝም፣ መጨመር ግን ይቻላል ተባልኩ። ስለዚህ የሚከተለው ተጨምሯል፦ ነገርኩት እንጂ አመነኝ አላልኩም። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ዘይቱን ይዞ የሄደው ሊጠግን ነው። ሳጅኑ «ይሄማ የእርስዎ ግምት ነው» ብለው፣ የምስክሩ ግምት የሚል በጎኑ ጽፈውበታል።

እህቴ ከኮሪደሩ በሩን ገፋ አድርጋ «ወንድም ጋሼ፣ አስረዳሃቸው አይደል? ዛሬ ይለቁታል?» ብላኛለች። ፈርሜ እንደምወጣ ነግሬአታለሁ።

ከላይ የሰፈረው ከራሴ አንደበት የወጣ ነው። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት የምለው ቃል አላገኘሁበትም። በዚሁ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ............
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ............