የልብስ ሰፊው ወንበርና የዳቦ ጋጋሪው ካሜራ

የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ በገባሁ ጊዜ፣ ጎረቤቴን ሽማግሌውን ልብስ ሰፊ ከእህታቸው ልጅ ጋር አገኘኋቸው። እርሷ ከቤቷ ሆና በቪዲዮ የምታስተምር መምህርት ናት። ሽማግሌው ሰላምታዬን በአጭሩ መልሰው ወደ ባለሱቁ ዞሩና፣ «ዳቦ ጋጋሪው የገዛው ካሜራ የትኛው ነው? ከእርሱ የሚበልጠውን አውጣልኝ» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ አግብቶ ሩቅ አገር ይኖራል። የወለዱት አንዲት ሴት ሕፃን ብቻ ስለ ሆነች፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዲት የልጅ ልጅ ይካፈላሉ። ሕፃኗ በቪዲዮ ስትደውል ለእናቷ አባት ትስቃለች፤ አሻንጉሊቷን ታሳያለች። ለአባቷ አባት ግን ፊቷን አዙራ እናቷ ጉያ ውስጥ ትሸጎጣለች። በቅርቡም «ጥላው መጣ» ብላ ስታለቅስ ልብስ ሰፊው በጆሯቸው ሰምተዋል።

ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ዝም ማለት አያውቁም፤ ዳቦ የገዛውን ሁሉ የሕፃኗን አዲስ ወሬ መርቀው ነው የሚሸኙት። ልብስ ሰፊውም ያን ወሬ ሽሽት፣ በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ቅናት የያዘው ሰው እርሱ ዘንድ የጎደለውን ነገር አይመረምርም፤ ሌላው ያገኘውን ብቻ ይቆጥራል።

ባለሱቁ ዳቦ ጋጋሪው የወሰዱት ከሁሉ ተራ የሆነውን ካሜራ እንደ ሆነ ነገራቸው። አላመኑትም። «ደብቅልኝ ብሎህ ነው» አሉና በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ትልቁንና ውዱን ካሜራ በጣታቸው ጠቆሙ።

መምህርቷ ክርክር አላበዛችም። ውዱን ካሜራ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አስገጠመችና አጎቷ ጀርባቸውን ለመስታወቱ በር ሰጥተው እንዲቆሙ ለመነቻቸው። በስክሪኑ ላይ የታየው ባርኔጣ የደፋ ጥላ ነበር። ቀጥላ ተራውን ካሜራ አስገጥማ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው። ያን ጊዜ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ።

«አጎቴ፣ እቤት ወንበርዎ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል። ላፕቶፑን ደግሞ ጭንዎ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ሕፃኗ የምታየው አገጭና ጨለማ ነው፤ ብትፈራ ይፈረድባታል?»

የወንበሩ ነገር ሲነሣ ሽማግሌው ተቆጡ። አባታቸውም በዚያው ቦታ ይቀመጡ እንደ ነበር፣ አባወራ ጀርባውን ለመስኮት፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ካልተቀመጠ ቤቱ ባለቤት እንደሌለው እንደሚቆጠር አስረዱ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ማዕረግ የማያውቅ ሰው ስለ ሆነ፣ ከፈለገ ደረጃው ላይ ይቀመጥ አሉ። መምህርቷ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማቻቸው።

«አባትዎ ፊታቸውን ወደ በሩ ያደረጉት ለምንድን ነው?»

«የሚገባውን እንግዳ እንዲያዩት፣ እንግዳውም እንዲያያቸው ነዋ። ይኼ ምን ይጠየቃል?»

«የልጅዎ ልጅስ በየት በኩል ነው የምትገባው? በበሩ ነው?»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ካሜራ ትኩር ብለው አዩ።

«በዚህች ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ጀርባዎን ለጨለማ፣ ፊትዎን ለብርሃን ሰጥተው ይቀበሏት። ያን ካደረጉ የአባትዎን ሥርዓት ጠበቁት እንጂ አላፈረሱትም።»

ተራዋን ካሜራ ገዙ። ወንበሩ ከባድ ስለ ነበር እኔም አብሬአቸው ሄጄ አንዱን ጎን ያዝሁ። ከመስኮቱ ትይዩ ካዞርነው በኋላ፣ መምህርቷ ካሜራዋን ከዓይናቸው እኩል እንድትሆን በልብስ ስፌት መኪናው ክዳን ላይ አስቀመጠቻትና ደወለች።

ሕፃኗ እንደ ልማዷ ተሸጎጠች። ጥቂት ቆይታ በአንድ ዓይኗ አጮለቀች። ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ አያቷን እያየች፣ እናቷን በክርኗ ጎሰም አደረገችና፣ «እማዬ፣ አባዬን ይመስላል» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ካሜራ ልትገዛ ስትነሣ አስቀድመህ መቀመጫህን መርምር። ብርሃኑ በፊትህ ላይ ይውደቅ፤ ካሜራው ከዓይንህ እኩል ይሁን፤ ድምፅህን ሳያጎድል የሚያደርስ ማይክሮፎን እንዳለው አስሞክር። ይህን ያሟላ ሰው በተራ ዕቃ ከወገኑ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፤ ያላሟላ ግን የሱቁን ሁሉ ውድ ዕቃ ቢገዛም ጥላ ሆኖ ይቀራል። የአባቶችን ልማድም የምናከብረው ለምን እንደ ተሠራ ስንጠይቅ ነው።

ጥሪው ካበቃ በኋላ መምህርቷ እየሳቀች፣ «አሁን ዳቦ ጋጋሪው የማይመልሱት ወሬ አገኘን፤ መልክ እንደ ካሜራ ከሱቅ አይገዛ!» አለች። እኔም ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ ሊወርዱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

«አደራ እንዳትነግሩት» አሉ። «ቅናት ሆድ ውስጥ ከገባ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እኔ አውቀዋለሁ።»