ጀርባዋ ክዳን ያልነበራት ሰዓት

ደሴ፣ ፒያሳ፣ በልብስ ሰፊው ይርዳው ሱቅ፤ የአሮጌ ሰዓት ነጋዴው መንገሻ፣ ሁለቱ በጋራ ገዝተው በየስድስት ወሩ እየተቀባበሉ የሚያስሯትን ሰዓት ሊረከብ መጥቶ መዳፉ ላይ እያገላበጣት ነው።

መንገሻ፦ ይህቺ አይደለችም አልኩህ፣ ይርዳው።

ይርዳው፦ ኧረ በማርያም! እጄ ላይ የከረመችውን እኔ ላላውቃት ነው? ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል።

መንገሻ፦ እኔስ ባለቤት አይደለሁም? እስከ የካቲት አንተ፣ ከመጋቢት እኔ ተባብለን አይደል የገዛናት?

ይርዳው፦ ታዲያ ይኸው መጋቢት ገባ፣ ይቻትልህ። እስቲ ጆሮህ ላይ አድርጋት። አትመታም?

መንገሻ፦ ትመታለች። ማሽኗማ የራሷ ነው። ቀፎዋ ነው የሌላ።

ይርዳው፦ ምኑ ነው የሌላ? ያው አንዱ ትከሻዋ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፤ የሰካራም ባርኔጣ መስላ።

መንገሻ፦ ገልብጣት። ጀርባዋ ላይ ምን አለ?

ይርዳው፦ ክዳን ነዋ።

መንገሻ፦ የእኛዋ ክዳን ነበራት?

ይርዳው፦ እንዴ፣ ክዳን የሌለው ሰዓት አለ?

መንገሻ፦ እሷ ነበረቻ! ከአንድ ብረት ተፈልፍላ የወጣች፣ ጀርባዋ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ። ማሽኗ የሚገባውም የሚወጣውም በመስታወቷ በኩል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ እያልኩ ስንት ጊዜ አሳየሁህ! አንተ ማሽኗን ወደድክ፣ እኔ ቀፎዋን። በዚህ አይደል ሳንጣላ የኖርነው?

ይርዳው፦ እሺ በቃ፣ ወድቃብኝ ነው። ቀፎዋ ተሰነጠቀ። እንዳታዝንብኝ ብዬ አንጥረኛ ዘንድ አስመስዬ አሠራሁልህ።

መንገሻ፦ የተሰነጠቀውን አምጣዋ።

ይርዳው፦ ጣልኩት።

መንገሻ፦ የት?

ይርዳው፦ አንተ ሰውዬ፣ ፖሊስ ሆንክብኝ እኮ!

መንገሻ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል እሰማ ነበር። ያንተስ ሳያድርም ቀለለ።

ይርዳው፦ ለመሆኑ ቀፎ ምንድን ነው? ልብስ ነው። ልብሱን ቢቀይር ሰውዬው ያው ሰውዬው ነው።

መንገሻ፦ ልብስ ሰፊ ሆነህ ልብስ ናቅህ? ሰው ከወልዲያ ድረስ እዚህ የሚመጣው ለጨርቅ ነው? ጨርቁማ ወልዲያም ሞልቷል። ለአቆራረጥህ ነው እንጂ!

ይርዳው፦ በሩን ገርበብ አድርገው። ቁጭ በል። ለሰው ሰጥቻታለሁ።

መንገሻ፦ ለማን?

ይርዳው፦ ለአቶ ደርበው። የልጄ የኢዮብ አማት ለሚሆነው ሰው። ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ልለካው ብል እሱ የኔን ክንድ ያዘ። «አቤት ቅርጿ! ማን ቢያስበው ነው?» አለ። ተለክቶ እስኪጨርስ እጄን አልለቀቀም። ልጄ ሊያገባ ነው፣ እንዴት ዝም ልበል? ቀፎዋን ሌላ ማሽን ከትቼበት ሰጠሁት። ዋናውን ማሽን ግን ላንተ አስቀረሁ። የሚበልጠውን እኮ ነው ያስቀረሁልህ!

መንገሻ፦ ላንተ የሚበልጠውን። መቼ ሰጠኸው?

ይርዳው፦ የሽምግልናው ዕለት።

መንገሻ፦ የትኛው ሽምግልና? የኢዮብ ሽምግልና ከፋሲካ ወዲያ ነው ብለኸኝ አልነበር? «የሽማግሌዎቹ አፍ አንተ ነህ» ብለኸኝ፣ እኔ ጋቢዬን አሳጥቤ ስጠብቅ?

ይርዳው፦ አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እንዴት አድርጌ ልስጠው? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ወንድሜ። በጥር ሄድን።

መንገሻ፦ በኔ ቦታ ማን ተናገረ?

ይርዳው፦ የእድሩ ዳኛ።

መንገሻ፦ እሱ ኢዮብን ምኑን ያውቀዋል? ልጁ በወባ ሲቃጠል አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው? ስማኝ ይርዳው፣ ሰዓቷ አይደለችም አንጀቴን ያቃጠለችው። ብትነግረኝ እኔው በእጄ አስርለት ነበር። አንተ ግን ለአንድ ብረት ብለህ ከልጄ ሽምግልና አስቀረኸኝ።

ይርዳው፦ በድያለሁ። እግርህ ላይ ልውደቅ? ለሠርጉ ግን እንዳትቀርብኝ። ከአቶ ደርበው ጎን ነው የማስቀምጥህ። ብቻ እጁ ላይ ስታያት ዝም በልልኝ።

መንገሻ፦ ከአቶ ደርበው ጋር ተዋውቀናል።

ይርዳው፦ መቼ?

መንገሻ፦ ትናንት። የከተትክባት ማሽን ቆሞበት ሱቄ መጣ። አሮጌ ሰዓት የሚያውቅ ማነው ቢል የጠቆሙት እኔን ነው። የሽምግልናውንም ወሬ እሱው አጫወተኝ።

ይርዳው፦ ታዲያ እስካሁን እያወቅህ ነው የምታስለፈልፈኝ?

መንገሻ፦ ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። ገና ስገባ ብትነግረኝ ኖሮ አቅፌህ እወጣ ነበር።

ይርዳው፦ ወይኔ! አጋለጥከኝ በለኛ!

መንገሻ፦ ሠራሁለት። ጀርባዋን እየዳበስኩ ሠራሁለት። ብርቅ ነገር ነች፣ በደንብ ያዛት አልኩት።

ይርዳው፦ ኡፍ! እግዜር ይስጥህ! ስለኔስ አላነሳም?

መንገሻ፦ አነሳ እንጂ። «የሰጠኝ ልብስ ሰፊው ይርዳው ነው፣ ታውቀዋለህ?» አለኝ።

ይርዳው፦ እሺ?

መንገሻ፦ አላውቀውም አልኩት። ትናንት ውሸቴን ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት ሆነ።