የውሃ ጎመን ከየትኛው ወገን ነው?

አራስ እናትን የሚጎዳት በቦይ ዳር የሚበቅለውን የውሃ ጎመን ቢሰጧት ነው ወይስ ቢከለክሏት? ስንት ጊዜ ባገላብጠውም መልስ አጣሁለት። የልጅ ልጄ ረምላህ ከወለደች ወዲህ የምትበላው ሩዝ በቁንዶ በርበሬና ደረቅ ዓሣ ብቻ ነው። ትናንት ከምንጣፏ ስትነሳ አዙሯት ወደቀች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ቅጠላ ቅጠል ስጧት" አለችኝ። በአክብሮት "ቶክ" የምንላቸው አዋላጃችን ሰፒያህ ደግሞ "ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋስ ያስገባባታል" አሉኝ። እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ።

የረምላህ ታናሽ እህት ኖርሊያ ከእርሻ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ስትመጣ፣ ቶክን ከቤታችን መውጫ መሰላል ሥር አገኘቻቸውና ተያይዘው ወጡ። ገና እጃቸውን ስማ ሳትጨርስ ክርክሩ ተጀመረ።

"ቶክ፣ የውሃ ጎመን ለምን ተከለከለ?"

"ቀዝቃዛ ነዋ! የዱሪያን ፍሬ ለገላ ሙቅ፣ ዱባ ቀዝቃዛ። ይህን ሳታውቂ ነው ተማርኩ የምትዪው?"

"እኛ ትምህርት ቤት አመዳደቡ ሌላ ነው። ቀርከሃና ሩዝ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።"

ቶክ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። "እንግዲያ ቤቴን በሩዝ ልሥራው? እራቴንስ ቀርከሃ ልቆርጥም?"

"ነገሩ እኮ እሱ ነው ቶክ! አናጢው 'ጣሪያ ይሸከማል ወይ?' ብሎ ቀርከሃን ከእንጨት ጋር ያስቀምጠዋል። ወጥ ሠሪዋ 'ለጋው ይበላል ወይ?' ብላ ከአትክልት ትደምረዋለች። መምህሬ ደግሞ 'ዘመዱ ማን ነው?' ብሎ አበባውን ያይና ከሩዝ ጋር ይመድበዋል። ሦስቱም አልዋሹም፤ የተለያየው ጥያቄያቸው ነው።"

እውነቷን ነው። እኔም ልብስ ሳጥብ በቀለሙ፣ ሳጣጥፍ በባለቤቱ ነው የምለየው።

"የኔስ ሙቅና ቀዝቃዛ ምን ይጠይቃል?" አሉ ቶክ ዓይናቸውን አጥብበው።

"እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።"

"አራስ ከበላችው በኋላ ገላዋ ምን ይሆናል፣ ነዋ።"

"ግሩም ጥያቄ ነው! ታዲያ መልሱን ከማን አገኙት?"

"ከእናቴ።"

"እናትዎስ?"

"ከእናቷ! አንቺ ልጅ፣ እስከ አዳም ልትወስጂኝ ነው?"

ረምላህ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "እኔንም ጠይቁኝ እንጂ! ገላው የኔ ነው፤ ጎመን ጎመን እያለኝ ነው!" አለች። ሕፃኗም የደገፈቻት ይመስል ጮኸች። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

ቶክ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ገቱ። መጋረጃውን ገልጠው ገቡና የረምላህን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ሳብ አድርገው አዩ። ውስጡ ነጥቶ ነበር።

"ደም የለሽም ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

"ቅጠሉ ለዚሁ ነው" አለች ኖርሊያ በለሰለሰ ድምፅ። "እርስዎ ገላዋን የሚያሞቁበት ድንጋይና ሆዷን የሚያስሩበት መቀነት ይቅር አላልኩም። ያሳርፏታል፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀውም የለም። ጎመኑን ብቻ ከተከለከለው ወገን ያውጡልን።"

እናቶች ሆይ፣ መለየት ደግ ነው፤ ግን ለምን እንደለየን እየጠየቅን ይሁን። አራስ ቅጠሏን ብትበላ ደሟ ይመለሳል፤ ልጇንም ሳትንገዳገድ ታቅፋለች። የአዋላጆቻችን ደግ እጅም ከነሙቀቱ ይቆየናል።

"ቢያማትስ?" አልኩ እኔ።

ቶክ አየት አደረጉኝ። ከዚያ ዘንቢሌን ከግድግዳው አወረዱ፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ የውሃ ጎመን ወደሚበዛበት ቦይ ወጥተው ሄዱ።