ቀሚስ የለበሰው ጥላ

አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ዱጋሳ? እዚህ ጋ ይቀመጡ፣ ከኋላችን ያለውንም ሰው አንጋርደውም። ሻይ ይምጣልዎ? የሸነን መንገድ እንዴት ነበር... ጭቃው አላስቸገረዎትም? ልጅዎ ለንሳስ ደህና ናት?

ለሰርጓ ፎቶ አንሺ ሊይዙ ነው ሲሉ ሰማሁ። ዌብሳይቱን አይተው ወደውት ነው አሉ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ምርቃቷን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ሰርጓንም ለኔው ለጂቱ ፎቶ ቤት ይሰጣሉ ብዬ ነበር። ግን ጥሩ ሰው ነው ያገኙት።

እንደሱ ያለ ጠንቃቃ አምቦ ውስጥ የለም። እኔ ሞኟ ፎቶዬን ኢንተርኔት ላይ ስለቅ ስሜን ጥግ ላይ በትንሹ ጽፌ እተዋለሁ። እሱ ስሙን ከሙሽራዋ ግንባር እስከ ሙሽራው ጫማ ይዘረጋዋል። ማን ደፍሮ ይወስድበታል? ትናንት ከዌብሳይቱ ላይ የጭልሞ ጫካዋን ፎቶ ላስቀራት ብዬ ማውሱን ብጫነው... «መቅዳት ክልክል ነው» አለኝ። ሰው ንብረቱን እንዲህ ሲጠብቅ ደስ አይልም?

እርስዎም የወደዱት እሷኑ ነው አይደል? የድንቅቱ ሰርግ ናት። ሙሽሮቹ ከዛፉ ሥር፣ ከፊታቸው ሣሩ ላይ ደግሞ የፎቶ አንሺው ጥላ... ልብ ብለው አይተውታል? ጥላው ቀሚስ ለብሷል። ሻርፕም አስሯል። ለሥራው ሲል የማይሆነው ነገር የለም ማለት ነው! በቀኝ በኩል ጥጉ ትንሽ ተቆርጦ ኦቦ ተሬፋ በግማሽ ፊታቸው ቀርተዋል፤ መቼም ቦታ ለመቆጠብ ይሆናል።

የሚገርምዎት፣ ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ካሜራዬን ይዤ፣ በዚያች አረንጓዴ ቀሚሴ። እሱን ግን አላየሁትም። ሙሽሮቹም አላዩትም። ሥራውን ሠርቶ ለማንም ሳይታይ ይሄዳል... እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ምነው፣ ከኋላችን ያለውን ሰውዬ ሻዩ ትን አለው እንዴ? ውሃ ስጡት እባካችሁ።

እና ኦቦ ዱጋሳ፣ በኔ ምክንያት ሐሳብዎን አይቀይሩ። ሄደው ያነጋግሩት። ያነሳውን ያሳይዎት፣ እሱ የቆመበትን ቦታም ይጠይቁት፣ ደስ ብሎት ይነግርዎታል። እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ እጁን ይባርክለት... አሜን ይበሉ እንጂ። አንድ ቀን ደግሞ እሱንም፣ ሰው የሚሰርቀው ፎቶ ለማንሳት ያብቃው።