እትዬ ብዙአየሁ በር ላይ የታጠፈው መስመር

«ጋሼ ሀይሉ፣ እንዴት ዋሉ? ከኢንግልዉድ ድረስ መጥተው ፓርኪንግ አገኙ? ተመስገን ነው! እዚህ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ያደረገ ሰው ሎተሪ መቁረጥ አያስፈልገውም... ሽሮው ጨው በዛበት እንዴ? አልበዛም? ጎሽ።»

እትዬ ብዙአየሁ ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሽሮው ላይ ነበር። ተክለብርሃን ግን ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሆኖ ነገሩ ወደሱ እንደሚመጣ ገባው። እኚህ ሴትዮ በጨው ከጀመሩ መጨረሻቸው ሌላ ነው።

ተክለብርሃን የሰፈሩ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ የመጣውም ሊለምን ነው። አዲሱ የስቴት ምክር ቤት የምርጫ ወረዳ ካርታ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበትን የፌርፋክስን ጎዳና መሃል ለመሃል ሲሰነጥቀው፣ ማኅበሩ «አንድ ሕዝብ ነን፣ አትክፈሉን» ብሎ ከሰሰ። ሎየሩ «እናንተስ እንዴት ይሰመር ትላላችሁ?» ሲል ማርከሩን ያነሳው ተክለብርሃን ነበር። ያነሳው ደግሞ ከነቂሙ ነው። እትዬ ብዙአየሁ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና እዚሁ ምግብ ቤታቸው ሲደግሱ፣ ሊቀመንበሩን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳይሆን ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ከልጆች ጋር አስቀምጠውት ነበር። ስለዚህ መስመሩ ፌርፋክስን ይዞ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ፣ እሳቸው ምግብ ቤት ጋ ሲደርስ ታጠፈና ቤታቸውን ውጪ ትቶ አለፈ። ነገ ችሎት አለ። ሎየሩ «ዳኛው ስለዚህ መታጠፊያ መጠየቁ አይቀርም፤ ሴትየዋ ራሳቸው ቀርበው ቅር አላለኝም ካላሉ ካርታችን አለቀለት» ብሏል። ዛሬ ደግሞ ቤቱ ሞልቶ፣ የተገኘው ወንበር ያው ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለው ነው።

«እኔ የምለው ጋሼ ሀይሉ፣ ካርታ መሳል እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? እኔ እኮ ትልቅ ትምህርት የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር! አንድ የማውቀው ሰው አለ... ስሙን ምን ያደርግልዎታል፣ ጨዋ ሰው ነው። ማርከር ይዞ ቁጭ አለና ያንን ሩቁን ሃውቶርንን አስገባ። ሆሊውድን አስገባ። እርስዎንም እዚያ ኢንግልዉድ ድረስ ሄዶ አስገብቶዎታል! ሆደ ሰፊ አይደለም ታዲያ? ማዶ ያለውን የውሻ ጥፍር የሚቆረጥበትን ቤት እንኳ አልዘለለም... ውሾቹም አንድ ሕዝብ ሆነው ተገኙ እንግዲህ።»

ተክለብርሃን ውሃ ተጎነጨና ትን አለው።

«ቀስ እያልክ፣ ልጄ» አሉት ሳይዞሩ። «ሶ፣ ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ መስመሩ። የኔ በር ጋ ሲደርስ ደከመው መሰለኝ። በኪችኑ ጀርባ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል ዞረ። እኔ አልከፋኝም! ሰው አውቆ እንዲህ ያደርጋል? እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆናል እንጂ። ደሞ አስታዋሽነቱ! የስብሰባ ቀን ይረሳል፣ ወንበር ግን አይረሳም። የክርስትናው ለት ልጆቹ ጋ ያስቀመጥኩት እኮ ስለምወደው ነው፤ ጨዋታው ከነሱ ጋር ይገጥማል። ፊኛም ሰጥቼዋለሁ፣ ጋሼ ሀይሉ... ያውም ቀዩን!»

ጋሼ ሀይሉ የጎረሱትን ሳይውጡ ቀሩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በናፕኪን አፈነ። ተክለብርሃን ጆሮው ጋለ። ተነስቶ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ ማን ስሙን ጠራው? ዝም ቢል፣ ነገ አለ። እንደ ዛሬ አፍሮ አያውቅም።

«ኦኬ፣ ችሎቱስ? እሄዳለሁ እንጂ! ያቺን ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ልጄ ሃይሚ ድራይቭ አድርጋ ታደርሰኛለች። ጀጁ 'እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ?' ሲለኝ መቼም አልዋሽም። 'ክቡር ዳኛ፣ ሁላችንም አንድ ሕዝብ ነን፤ እኔ ብቻ ጎረቤት ነኝ' እላለሁ። ምን ክፋት አለው?»

እትዬ ብዙአየሁ የጋሼ ሀይሉን ሰሃን አንስተው ቀና አሉ። ድምፃቸው ማር ማር አለ።

«ብቻ ያንን ሰው እግዜር ይባርከው። ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። በመጨረሻው ቀን፣ በጎቹ በቀኝ ፍየሎቹ በግራ ሲለዩ ደግሞ... መስመሩን የሚያሰምርለት ልክ እንደ ራሱ ያለ ልበ ሰፊ ሰው ይሁንለት። አሜን በሉ እንጂ ጋሼ ሀይሉ! አንተም አሜን በል፣ ልጄ... እዚያ በሩ ጋ ይሰማል?»